የቀመሰ ሰው

ሠላሳ አንድ ዓመት ትኬት ስቆርጥ ኖሬ፣
በድሬዳዋ ጣቢያ ከመስኮት ታጥሬ፣
ሰው ስሸኝ እንጂ እኔስ ተሳፍሬ
የትም አልሄድኩና፣
ጡረታ ስወጣ፣ እግሬ ተፈታና
መጣሁ ባሕር ዳር፣ ባቡር ወደሌላት፣
ሐዲድ ወዳልነካት።

«የአንድ ቀን ጉዞ፣ ከቁርስ ከምሳ ጋር፣
ግሽ ዓባይ ደርሶ፣ ማታ ባሕር ዳር»
ይላል ወረቀቱ። ከፍዬ ቆየሁኝ፤
«ስምዎ በቂ ነው» አሉና መለሱኝ፣
ትኬቴን ስጡኝ ስል።
ባዶ እጅ መሳፈር! ያለመድኩት ነገር፤
ኪሴን ስዳስስ ነጋ፣ መንገዱ እስኪጀመር።

አንሙት ይባላል አስጎብኚው ልጅ፤
ኮፍያው ሰፋው፣ የወንድሙ እንጂ
የሱ አይመስልም። ጣቱን እያሳለፈ
«ሁለት… ሁለት… አራት…» ሰዉን እያለፈ
እኔ ጋ ሲደርስ ጣቱ ተንሳፈፈ።
«አንድ። ብቻዎን ነዎት?»
«ብቻዬን ነኝ» አልኩት፤
ከጎኔ ወንበር ላይ ጃንጥላዬን አኖርኩት።

የውሃ ጠርሙሱን እንደ ማይክ ይዞ
ያስረዳል አንሙት፣ እስኪጋመስ ጉዞ፤
«ይሄ ባሕር ዛፍ ነው፤ ያም ዳገት» እያለ፣
ሁለቱ ነርሶች ሲስቁ እሱም ሣቅ አከለ።
የኔ ጆሮ ግን ከጎማው ጋር ነበር፤
መርዓዊን አልፈን ድልድይ ስንሻገር
ክፍተቱ ቋ፣ ቋ ሲል፣
የሐዲድ መጋጠሚያ እየመሰለኝ
ሰዓቴን አያለሁ።
«ዳንግላ ሁለት ከአሥር፣ እንጅባራ ሦስት»
ብዬ መዳፌ ላይ በእስክሪፕቶ ጻፍኩት።
ማንም አላዘዘኝ፣ ማንም አልጠየቀም፤
ልማድ እንደ ጌታው ጡረታ አይወጣም።

ከጥሊሊ ታጠፍን፤ አስፋልቱ ከዳን፤
ድንች ያበበበት ማሳ ተቀበለን።

ሰከላ።
የጠበቅኩት ግዙፍ ነገር ነበር፣
ካርታ ላይ የሚሮጥ፣ አገር የሚያሻግር፤
ያገኘሁት ግን ቆርቆሮ ጣሪያ ነው፣
ከሥሩ ቀጭን ውሃ፣ ጄሪካን የከበበው።
በሩ ላይ አዛውንት፣ ጋቢ የደረቡ፣
«ቀምሰዋል?» አሉኝ፣ ገና ስቀርብ ከደጁ።

ቀምሻለሁ።
ሆቴሉ ሰጥቶኛል እንቁላል ፍርፍር፤
ዋጋው ውስጥ ነበረ፣ ከቁርስ ከምሳ ጋር።
«እንግዲያስ ከዚህ ነው» አሉና በቀስታ
ዘንጋቸው ተጋደመ በኔና በውሃው መካከል።

መዋሸት ይቻላል። ትኬት የሌለው ሰው
የሚዋሸውን ሁሉ እኔ ነኝ የማውቀው፦
«አሁን ወደቀብኝ»፣ «ወንድሜ ይዞታል»፣
«እናቴ ውስጥ ናት»፣ «ባቡሩ ይሄዳል»።
ሠላሳ አንድ ዓመት «አይሆንም» ብያለሁ፤
አንዷን ግን እስከ ዛሬ በዓይኔ አያለሁ፣
ዶሮ የታቀፈች።
ሁለት ብር ጎደላት።
ሁለት ብር በኪሴ ነበረኝ።
ባቡሩ ሄደ፤ ዶሮዋ ጮኸች፤ እሷ ምንም አላለች።
መስኮቱን ዘጋሁ፣ ምሳ ሰዓት ነበረ።

እና ዝም ብዬ ቆምኩ፣ ከዘንጉ ወዲህ።

አንሙት አልቀመሰም። ጫማውን አወለቀ፤
ኮፍያውን ሰጥቶኝ ወደ ውስጥ ዘለቀ።
ሲወጣ ፊቱ ርሶ፣ እጁን አራገፈ፤
አንዲት ጠብታ መጥታ ጉንጬ ላይ አረፈ።
ሆን ብሎ ይሁን ሳያውቅ፣ እኔ አልጠየቅኩትም፤
አዛውንቱ አይተዋል፤ ግን አልተናገሩም።
ዘንጉ ባለበት ነው።

ማታ፣ ዝናብ። ነርሶቹ ተደጋግፈው ተኝተዋል።
አንሙት ቆጠረ፤ ጣቱ በኔ ላይ ሳይንሳፈፍ አለፈ።
ጃንጥላዬን አነሳሁ፤
መጥቶ ተቀመጠ፣ ከዱርቤቴ በፊት አንቀላፋ፣
ኮፍያው ዓይኑን ሸፍኖት።

መዳፌን በመንገድ መብራት አየሁት፤
ዳንግላን ላብ ወስዶታል፣
እንጅባራ በግማሽ ቀርቷል።
ሰከላ የገባንበትን ሰዓት ፈለግሁ፤
ለካ አልጻፍኩትም።